የቢስክሌት ማርሽ ሽቦ፤ ከእጅ ብልሃት ወደ ልክ

እ.ኤ.አ. በ1896 ኧርነስት ባውደን በብሪታንያ ያስመዘገበው ፈጠራ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ይኸውም ከጥቅልል ሽቦ በተሠራ ሽፋን ውስጥ ሌላ ሽቦ እየተሳበ ኃይልን በጠመዝማዛ መንገድ ያደርሳል። ኋላም ለቢስክሌት ፍሬንና ማርሽ ዋና አገልጋይ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው ስታምፕጃምፐር የተባለው የተራራ ቢስክሌት ማርሽ መቀየሪያው በሰበቃ ብቻ ይያዝ ነበር። ሽቦው ቢላላ ወይም ቢዝግ፣ ነጂው መቀየሪያውን ጥቂት ገፋ አድርጎ፣ የካቴናውን ድምፅ እያዳመጠ ጉድለቱን ያቃናዋል።

እ.ኤ.አ. በ1984 ግን ሺማኖ በዱራ-ኤስ ዕቃዎቹ በየእርከኑ ቀጭ እያለ የሚቆም መቀየሪያ አወጣ፤ ሥርዓቱም ሳይቆይ ወደ ተራራ ቢስክሌት ተዛመተ። ያን ጊዜ ልክን የመጠበቅ ኃላፊነት ከእጅ ወደ ሽቦው ተሻገረ። በባለ 7 ወይም ባለ 8 የኋላ ማርሽ በአንድ እርከን የሚሳበው ሽቦ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጥቂት ዝገት እንኳ ካቴናውን በሁለት ጥርሶች መካከል ያንገላታዋል። የጥቅልሉ ሽፋንም በታጠፈ ቁጥር ርዝመቱ ስለሚለዋወጥ፣ ሽቦዎቹ ቁመቱን ተከትለው የተደረደሩበት ሌላ ሽፋን ለማርሽ ተዘጋጀ።

እንግዲህ የዚያን ዘመን ቢስክሌት ከሌላ እጅ የገዛ ሰው ሽቦውን ለውጦ ያረጀውን ሽፋን ቢተወው ድካሙ ከንቱ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ሁለቱን ሽፋኖች ማደናገር ነው። የማርሹ ሽፋን የፍሬንን ጉልበት ስለማይችል ይተረተራል፤ ነጂውም በቁልቁለት ላይ ያለ ፍሬን ይቀራል። በመልክ የሚመሳሰሉትን እነዚህን ሽፋኖች ለይቶ ማወቅ ስለዚህ የጠጋኙ የመጀመሪያ ግዴታ ነው።