«ኮፊ» ከካፋ ነውን? የአንድ ቃል ጉዞ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሺሺንዳ፣ በካፊኖኖ አፉን የፈታ ሰው ቡናን «ቡኖ» ይለዋል። ዓለም ደግሞ «ኮፊ» ይላል። ይህ የእንግሊዝኛ ቃል «ካፋ» ከሚለው የአገሩ ስም እንደተወሰደ በትምህርት ቤት ሰምተናል፣ በቡና ማሸጊያ ላይም አንብበናል። ድምፁ ስለሚቀራረብ ልብ ቶሎ ይቀበለዋል። የካፋን ክብር የሚወድ ሁሉ ግን ማስረጃውን ሌላ ቦታ ቢፈልግ ይሻላል እላለሁ። ከ«ኮፊ» ይልቅ ለካፋ የሚመሰክርላት «ቡኖ» ነው።

እንግሊዞች ቃሉን ከደቾች የያዙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። የደቾች «ኮፊ» ከቱርኮች «ካህቬ»፣ የቱርኮቹም ከዓረቦች «ቀህዋ» መጣ። «ቀህዋ» ደግሞ ከቡና በፊት የነበረ ቃል ነው፤ የዓረብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ከወይን ጠጅ ስሞች እንደ አንዱ ይቆጥሩታል፣ የምግብ ፍላጎትን ከሚቀንስ ነገር ጋርም ያያይዙታል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር እንቅልፋቸውን የሚያባርርላቸውን መጠጥ በዚሁ ስም ጠሩት። ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚያቆመው አልተገኘም፦ በስዋሂሊ «ካሃዋ»፣ በፈረንሳይኛ «ካፌ» ሆነ። ፈረንሳዮች መጠጡንም መጠጫ ቤቱንም በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየማዕዘኑ የተሰቀለው «ካፌ» የሚል ሰሌዳ የዚሁ የየመን ቃል ዘር ነው።

«ቀህዋ» ራሱ ከ«ካፋ» የተወለደ ይሆን? እንዲህ ብለው የገመቱ አሉ። ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግምቱን አንስቶ ማስረጃ የለውም ብሎታል። የሰጠው ምክንያት ለእኛ ከፍርዱ ይበልጣል፦ ዓረቦች «ቀህዋ» የሚሉት መጠጡን ነው፤ ተክሉንና ፍሬውን «ቡን» ይሉታል፣ በሸዋም ስሙ ይኸው ነው ይላል።

ነገሩ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ሊዮንሃርድ ራውቮልፍ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1573 ሶርያ ውስጥ አሌፖ ሄዶ ነበር። በ1582 ባሳተመው መጽሐፉ ሰዎች በማለዳ ትኩስ ትኩሱን ስለሚጠጡት ጥቁር መጠጥ ሲጽፍ፣ ለመጠጡ አንድ ስም፣ ለፍሬው ደግሞ «ቡኑ» የሚል ሌላ ስም መዝግቧል። አንድ ነገር ሁለት ስም የያዘው ከሁለት ወገን ስለመጣ ይመስለኛል። የመጠጡን ስም የመን ሰጠች። የፍሬው ስም ግን በካፊኖኖ «ቡኖ»፣ በአማርኛና በኦሮምኛ «ቡና»፣ በትግርኛ «ቡን» ሆኖ ከጫካው እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተዘርግቷል። ተክሉ ባሕሩን ሲሻገር ስሙን ይዞ ተሻገረ ማለት ከሁሉ የቀለለው አስተሳሰብ ነው። ከዚያ ወገንም የመጣልን አለ፤ «አቦል» የዓረብኛውን «አወል»፣ «በረካ» ደግሞ በረከት ማለት የሆነውን የዓረብኛ ቃል ያስታውሰናል።

ለቡና የተሰጡት ሌሎች ስሞች ግን ለጫካው አላደሉም። «ሞካ» የየመን ወደብ ስም ነው፤ ፍሬው በመርከብ የተጫነበት እንጂ የበቀለበት አይደለም። አሜሪካኖች ቡናን «ጃቫ» የሚሉት ደቾች በእርሻ ባለሙት ደሴት ስም ነው። ካርል ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1753 ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «ኮፊያ አራቢካ» አለው፣ የዓረብ አገሩ ቡና ማለቱ ነው። አገራችን ያበቀለችው ተክል በዓለም መዝገብ ላይ በጎረቤት ስም ተጽፎ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ሳይንስ ግን በኋላ መሰከረ። አራቢካ ከሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ ዱር በቀል ሆኖ በብዛትና በልዩ ልዩ ዓይነት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው። በጥቂቱ በደቡብ ሱዳን ቦማ አምባና በኬንያ ማርሳቢት ተራራም ይታያል። ታቶ የሚባሉ ነገሥታት ሲገዙት የኖረው የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረኩ ወደቀ፤ ጫካው ግን ቀረ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የካፋን የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ መዘገበው።

ካፋ የቡና አገር ለመሆኗ የእንግሊዝኛ ቃል ምስክር አያስፈልጋትም። ደኗም፣ የገዛ ቋንቋዋም ይበቋታል። ስለዚህ የመማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ ቡና ወደ ውጭ የምትልኩ፣ በቦንጋ የቡና ሙዚየም ውስጥ እንግዳ የምታስተናግዱ ወገኖች፣ እባካችሁ «ኮፊ ከካፋ መጣ» የሚለውን ተረት ትታችሁ «ቡኖ» የሚለውን ስም በጉልህ ጻፉት።