የጥንት መዳብ ገንዘብ ቀለምና ደረጃ

በአክሱም ነገሥታት ዘመን ገንዘብ በሦስት ማዕድን ይሠራ ነበር፤ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ። ሥራው የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ270 ዓ.ም. ገደማ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ሲሆን እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ቈይቷል። የወርቁ ጽሕፈት ባሕር ተሻግሮ የሚነግደው ሰው እንዲያነበው አብዛኛውን ጊዜ በጽርእ ቋንቋ ነበረ፤ መዳቡን ግን የገበያው ሕዝብ ስለሚይዘው እያደር በግዕዝ ይጻፍበት ጀመር። ሆኖም ይህ ትንሽ ገንዘብ በአገሩ ብቻ የቀረ አይደለም። በኢየሩሳሌምና በቂሣርያ ከመሬት ተገኝቷል፤ ሊቃውንትም ነጋዴዎችና ተሳላሚዎች ይዘውት እንደ መጡ ይገምታሉ። ወርቅ ለዋጋው ሲባል አገር ያቋርጣል፤ መዳብ ግን በመንገደኛ ቋጠሮ ካልሆነ በቀር ይህን ያህል ርቀት የሚሄድበት ምክንያት ጥቂት ነው።

ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተተካ። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት መዳቦች አንዱ የንጉሡን ስም ሳይናገር «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» የሚል የጽርእ ቃል በመስቀሉ ዙሪያ ይዟል። በአንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ገንዘቦች ላይ ደግሞ በዘመኑ በሌሎች መንግሥታት ገንዘብ የማይታይ ጥበብ አለ፤ በመስቀሉ ዙሪያ ወይም በመካከሉ፣ በንጉሥ ኡዋዜባስ መዳብ ላይም ከንጉሡ ራስ በስተኋላ፣ ስስ ወርቅ ተለብጦበታል። የድኻ እጅ በሚይዘው ገንዘብ ላይ ወርቅ ማኖር እንግዳ ነገር ነው። ይህ ወርቅ ዛሬ የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው የመዳቡን ቀለም በሚመለከተው ሰው ፍርድ ነው።

መዳብ ከቀጥቃጩ እጅ ሲወጣ እንደ ፍም ቀይ ነው። አየር ሲነካው ይጠይማል፣ ቡናማም ይሆናል። በእርጥብ አፈር ብዙ መቶ ዓመት ሲያድር ከበላዩ አረንጓዴ፣ አልፎ አልፎም ሰማያዊ፣ ከሥሩም የጠቈረ ቀይ ቅርፊት ያበጃል። ቅርፊቱ ጠንካራና ለስላሳ ሲሆን እንደ ጉዳት አይቈጠርም፤ እንዲያውም የፊደሉና የመልኩ ጥርት ያለ መስመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚሁ ቅርፊት እንጂ ከሥሩ ባለው ማዕድን ላይ አይደለም። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ጨው ባለበት አፈር የቈየ መዳብ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ነቍጥ ያወጣል፤ ይህም እርጥበት ባገኘ ቍጥር ማዕድኑን እየበላ ይሄዳል። እንዲህ ያለው በደረቅ ስፍራ ተለይቶ ለባለሙያ መታየት ይገባዋል።

ቀለሙን ሁሉ ዝገት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ግን በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በአመድ ያሸዋል። የሎሚው ኀይል ቅርፊቱን ያሟሟዋል፤ ወርቁም የተቀመጠበት መሠረት ሲናድ አብሮ ይነሣል። በመጨረሻ በእጅ የሚቀረው የሚያብረቀርቅ፣ ፊቱ የተቦረቦረ፣ ፊደሉ የማይነበብ ቍራጭ ነው።

ሰዎችን ለዚህ ስሕተት የሚዳርገው ከፊሉ የአዲሱ ገንዘብ መለኪያ ነው። የ19ኛውን መቶ ዓመት የአሜሪካ መዳብ የሚሰበስቡ ሰዎች ቀለሙን በሦስት ይከፍላሉ፦ ቀይ፣ ቀይ ቡናማና ቡናማ። ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን የመጀመሪያ ቅላቱን ያለቀቀው ይመረጣል። ለመልኩ ጥራትም ዊልያም ሼልደን በ1949 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ፤ አሳቡም 70 የተሰጠው ሳንቲም 1 ከተሰጠው ሰባ እጥፍ እንዲያወጣ ነበር። ገበያው ስሌቱን አፍርሶታል፤ ቍጥሩ ግን አሁንም ይሠራበታል። (ሼልደን ከሞተ በኋላ፣ በኒው ዮርክ ከሚገኘው የአሜሪካ የገንዘብ ጥናት ማኅበር ስብስብ ምርጡን ሳንቲም ወስዶ ዝቅተኛውን ይተካ እንደ ነበረ ታውቋል።)

ይህ መለኪያ በጥንቱ መዳብ ላይ ይገለበጣል። በአሜሪካው ሳንቲም ዋጋ የሚጨምረው ቅላት በአክሱም መዳብ ላይ ሲታይ ክስ ነው፤ ገንዘቡ የተፋቀ ወይም በቅርብ ጊዜ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። ከእጅ ወደ እጅ በመዘዋወር የመጣ ማለቅም ከቀለም ተለይቶ መታየት አለበት። ማለቅ አስቀድሞ የሚታየው ከፍ ብሎ በተቀረጸው ላይ፣ ለምሳሌ በንጉሡ ጉንጭና በስንዴው ዛላ ነው። ያለቀው ስፍራ የሌላውን ቀለም ከመሰለ ማለቁ ጥንታዊ ነው፤ ብቻውን የሚያበራ ከሆነ ግን የቅርብ ጊዜ እጅ አሽቶታል። ከጠርዙ ውጭ የቀረ ፊደል ብዙውን ጊዜ የሠሪው ጉድለት እንጂ የዘመን ጉዳት አይደለም።

በኢየሩሳሌም ገበያ ለተሳላሚ በብዛት የሚቀርበው «የመበለቲቱ ናስ» የሚባለው ነው። ስሙ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ103 እስከ 76 በነገሠው በእስክንድር ያንናይ ዘመን ለተሠራ ትንሽ መዳብ ሲሆን፣ ሐሰተኛውም አይታጣም። በሐሰተኛው ላይ አረንጓዴው እንደ ቀለም የተቀባ ስለሚሆን በስንጥር ሲነካ ሊላጥ ይችላል፤ እውነተኛው ቅርፊት ግን ከማዕድኑ ጋር የተዋሐደ ነው። ከመሬት አንሥቶ ያገኘ ሰው ደግሞ በእስራኤል በ1978 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ሕግ መሠረት በ15 ቀን ውስጥ ለቅርስ ባለሥልጣን ማስታወቅ አለበት፤ ከአገር ለማውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል።