በጥቅል የሚመጣ ጠመንጃ

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1963 ሁለት ጥቅሎች ወደ ዳላስ ከተማ ተላኩ፤ አንዱ ከቺካጎ፣ ሌላው ከሎስ አንጀለስ። ተቀባያቸው አንድ ሰው ነው፤ «ሂዴል» ብሎ ያስመዘገበው ስም ግን የራሱ አልነበረም። የቺካጎው ጥቅል ከነመነጽሩና ከነመላኪያው 21 ዶላር ከ45 ሳንቲም የተከፈለበት ጠመንጃ ነው። በሌላኛው ውስጥ ያለው ሪቮልቨር ሽጉጥ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ይኸው ተቀባይ፣ ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ፣ በጠመንጃው ፕሬዚዳንት ኬኔዲን፣ በሽጉጡ ደግሞ አንድ የዳላስ ፖሊስ መግደሉን ግድያውን የመረመረው የዋረን ኮሚሽን አረጋገጠ።

ጠመንጃው ካርካኖ ነው። ስሙ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ በ1935 አገራችንን የወረረው የጣሊያን ጦር በትከሻው ያነገበው የዚሁ ቤተሰብ መሣሪያ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈው ክምችት አሜሪካ ገብቶ በመጽሔት ማስታወቂያ እንደ ጫማ ይቸበቸብ ጀመር።

ጠመንጃው የመጣው በመንግሥት ፖስታ ሲሆን ሽጉጡን ያመጣው የግል አመላላሽ ድርጅት ነው። ምክንያቱ በ1927 የወጣ ሕግ ነው። ሕጉ በልብስ ስር ሊደበቅ የሚችል መሣሪያ በፖስታ ቤት እንዳይላክ ከለከለ፤ ስለ ግል አመላላሾች ግን ምንም አላለም። ነጋዴው ሕጉን መጣስ አላስፈለገውም፤ ጥቅሉን ወደ ሌላ መስኮት ወሰደ፣ አለቀ።

ቀዳዳውን ለመድፈን የተነሣው የኮኔቲከቱ ሴናተር ቶማስ ዶድ ነው። ኮኔቲከት እንደ ኮልት ያሉ ስመ ጥር ጠመንጃ ሠሪዎች የሚገኙባት ግዛት መሆኗን ላሰበ፣ ድፍረቱ ቀላል አይደለም። ኬኔዲ ከመገደሉ ሦስት ወር ከምናምን ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 1963፣ በደብዳቤ የሚታዘዝ ሽጉጥን የሚቆጣጠር ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ከግድያው በኋላ ረዥም ጠመንጃንም ጨመረበት። ረቂቁ ዓመታት ተጓተተ። ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በሁለት ወር ልዩነት ከተገደሉ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በኦክቶበር 1968 የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕጉን ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ከሌላ ግዛት የታዘዘ መሣሪያ ፈቃድ ባለው ነጋዴ እጅ ማለፍ ግድ ሆነበት።

ግን ጠመንጃ ማለት ምንድን ነው? ቀደም ሲል በ1938 የወጣው የመሣሪያ ሕግ የመሣሪያውን ማንኛውንም ክፍል እንደ መሣሪያ ይቆጥር ነበር። እያንዳንዱን ብሎንና ሞላ መቆጣጠር እንደማይቻል ሲታይ፣ የ1968ቱ ሕግ ትርጓሜውን አጥብቦ ምላጩና ሌሎቹ ክፍሎች በሚገጠሙበት ቀፎ ላይ ወሰነው። አፈሙዝ፣ ሰደፍና ምላጭ ለየብቻቸው ተራ ብረታ ብረት ሆኑ።

ለስፖርት የማይሆን ርካሽ ሽጉጥ ከውጭ እንዳይገባ የከለከለውም ይኸው ሕግ ነበር። የጀርመኑ ሮም ኩባንያ ታዲያ ምን አደረገ? ሽጉጡን ትቶ ክፍሎቹን ላከ፤ ማያሚ ላይ ተገጣጠሙ። ማርች 30 ቀን 1981 በዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሬገንን ጨምሮ አራት ሰዎች የቆሰሉት እንዲህ በተገጣጠመ ሽጉጥ ነው። የተከለከለ መሣሪያን ቀፎና አፈሙዝ ነጥሎ ማስገባት የተከለከለው ከዚህ አምስት ዓመት ዘግይቶ፣ በ1986 ነው፤ ያውም በአመዛኙ ቁጥጥሩን ባላላ ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ።

የዘመናችን ጥቅል ደግሞ ያላለቀ ቀፎ ከነክፍሎቹ ይዞ መጣ፤ ተቀባዩ ቤቱ ሆኖ ጥቂት ይበሳው፣ ይሞርደው ነበር። መለያ ቁጥር አልነበረውም። ፖሊስ አግኝቶ ምንጫቸው እንዲጣራ ለፌዴራል መንግሥት የላካቸው እነዚህ «የመናፍስት ጠመንጃዎች» በ2017 ወደ 1,600 ነበሩ፤ በ2021 ከ19,000 በላይ ደረሱ። መንግሥት በ2022 ባወጣው ደንብ በቀላሉ ወደ መሣሪያ የሚለወጥ ጥቅል እንደ መሣሪያ እንዲቆጠር አዘዘ፤ ሻጮቹ ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2025 ደንቡን 7 ለ 2 አጸና። በውሳኔው ውስጥ አንድ ሙከራ ተጠቅሷል፦ እንዲህ ያለውን ጥቅል ከዚያ በፊት አይቶ የማያውቅ ሰው የሚሠራ ሽጉጥ ገጣጥሞ ለመጨረስ የፈጀበት 21 ደቂቃ ነው።