የበዛብህ ብፅዓትና የአዳማ ልጆች

«ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ምንድን ነው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ሽፋኑ ላይ ያገኘዋል። ስለ ፍቅር ነው፤ ያውም እስከ መቃብር። መጽሐፉን ዳር እስከ ዳር ያነበበውም፣ ግማሽ ላይ የተወውም፣ በሬዲዮ ብቻ የሰማውም የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል! እኔ ግን ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን ቁጭ አድርጌ ገጽ አስቆጥራቸው ነበር። በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ደጅ ከመርገጡ በፊት ስንት ገጽ አለ? ቁጠሩ። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ማንኩሳ ላይ እንዴት እንደተገናኙ፣ ልጅ እንዴት እንዳገኙ፣ ልጁ ሲታመም እንዴት እንደተሳሉ፣ ከዚያ ይህ ለእግዜር የተሰጠ ልጅ ከእናት ካባቱ ጉያ ወጥቶ እንዴት በየቅኔ ቤቱ እንደዞረ፣ ዲማ ጊዮርጊስ እንዴት እንደደረሰ… ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ሁሉ ቀለም የጨረሱት ለመንደርደሪያ ብቻ ነው? አይመስለኝም። መጽሐፉ ከፍቅሩ በፊት የአንድ ልጅ አስተዳደግ ነው። ልጁን ማን ያሳድገዋል፣ ለማን ያሳድገዋል፣ እሱስ ይጠየቃል ወይ የሚል መጽሐፍ ነው።

ፈረንጆች ለእንዲህ ያለው ልብወለድ የተለየ ስም አላቸው። ጀርመናዊው ጎተ የዊልሄልም ማይስተርን የትምህርት ዓመታት በ1795 እና በ1796 እ.ኤ.አ. ካሳተመ ወዲህ «ልጅ ሰው እስኪሆን» የሚተርክ ልብወለድ በየቋንቋው ተጽፏል። ዲክንስ በ1861 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሆኖ በወጣው ሥራው ፒፕ የሚባለውን የአንጥረኛ ቤት ልጅ ለንደን አውርዶ ጨዋ ሊያደርገው ሲታገል እናያለን። እኛም ዘንድ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. «አርአያ»ን ሲያሳትሙ የገጠሩን ልጅ ፈረንሳይ ልከው አስተምረው መልሰውታል። ልጁ ይሄዳል፣ ይማራል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ በመጨረሻ ከአገሩና ከራሱ ጋር እንደምንም ይታረቃል። የበዛብህ ግን እንዲህ አይደለም። ዕድገቱ ሳይጠናቀቅ በጉዞ ላይ ይሞታል። ከማን ጋርም አልታረቀም። ይህ ነገር ክፍል ውስጥ ብዙ ሊያነጋግር የሚችል ነው፤ ግን ሲያነጋግር አልሰማሁም።

ለምን አላነጋገረም? እያንዳንዱ ዘመን መጽሐፉን የሚያነበው ለራሱ ጉዳይ ስለሆነ ነዋ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የአማርኛ መምህራችን ክፍል ገብተው መጀመሪያ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፉት «የፊውዳሉ ሥርዓት ብስባሽነት» የሚል ርእስ ነበር። የክፍላችን ጀግና አበጀ በለው ነበር፤ ገባሩን አስተባብሮ ፊታውራሪን የማረከው። ጉዱ ካሣ «ተራማጅ ምሁር» ተባለ። በዛብህ ግን አለቀሰ፣ ፈራ፣ ሸሸ፤ ስለዚህ ነጥብ አላገኘም። ሰብለ ወንጌልማ የመደቧ ሰለባ ናት ተብላ በአንድ መስመር ታለፈች። ይህን ስል መምህሩን ልነቅፍ አይደለም። ፊታውራሪና ገባር መጽሐፉ ውስጥ በእርግጥ አሉ፤ መምህሩም ከአየር ላይ አላመጧቸውም። ነገር ግን ከፊታቸው ስልሳ የሚሆን የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ተቀምጦ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ልጅ ውስጥ እናት አባቱ ያልተሳሉበት ስንቱ ነው?

መጽሐፉን ለሕዝብ ያደረሰው ደግሞ ትምህርት ቤት አይመስለኝም። ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት ሲተርከው ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሰብለን እንደ ጎረቤት ልጅ አወቋት። ያ ድምፅ ፊታውራሪን ሲሆን ቤቱን ይሞላዋል፤ ጉዱ ካሣን ሲሆን ያሾፋል። ሬዲዮው ሌላም ሥራ ሠርቷል፤ እሱን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ።

አሁን ወደ አዳማ ልውረድ። (ናዝሬት ያላችሁ እንደሆነም አልጣላችሁም። ጃንሆይ ናዝሬት ያሏት ከተማ በ1992 ዓ.ም. ወደ ቀድሞ ስሟ በይፋ ብትመለስም የመናኸሪያ ረዳት አሁንም በሁለቱም ይጣራል።) ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከባቡሩ ጋር ያደገች፣ መንገድ የሚያበላት ከተማ ናት። በአንድ በኩል ወንጂ አለ፤ ሆላንዶች በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀምረው ከየአቅጣጫው ሠራተኛ የሰበሰቡበት። በሌላ በኩል ሞጆ፣ ከዚያ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ እያለ በስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። በነዚህ ከተሞች አንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ጉራግኛ፣ ስልጥኛ፣ ወላይትኛ የሚነገርባቸው ቤቶች ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ማግኘት ብርቅ አይደለም።

በ1984 ዓ.ም. መጀመሪያ ኦሮምኛ በቁቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ አደረገ። ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ መደመርና መቀነስ ይማር የሚል ክርክር አልገባኝም፣ አይገባኝምም። ከዚያ ግን ሁለት ዓይነት ልጆች 9ኛ ክፍል ላይ ይገናኛሉ። አንደኛው በአማርኛ ሲማር የመጣ ነው። ሁለተኛው ሁሉንም ትምህርት በኦሮምኛ ተምሮ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ብቻ የወሰደ፣ ፊደሉን ዘግይቶ የቆጠረ ነው። መንገድ ላይ ሁለቱም አማርኛ ያወራሉ፤ ባጃጅ ውስጥ ሲከራከሩ ብትሰሟቸው ማን ከየት እንደመጣ አትለዩም። መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ይለያሉ።

ለክረምት ትምህርት የሚመጡ መምህራንን ሳስተምር ከነዚህ ከተሞች የመጡት የሚያነሡት ችግር ይኸው ነበር። አንዷ በአዳማ የምታስተምር ነበረች። በኋላ ክፍሏን ጋብዛኝ አይቻለሁ። ልጆቹ መጽሐፉ የላቸውም፤ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ግዙ ብትል ወላጅ ይከሳታል። እሷ ምዕራፍ እየመረጠች ታነባለች፣ ልጆቹም በተራ ያነባሉ፣ የደፈሩት ደግሞ ገጹን በሞባይል አንሥተው ይቀባበላሉ። ያን ቀን በቁቤ ተምሮ የመጣ አንድ ልጅ ተራው ደርሶት እያነበበ መሐል ላይ ቆመ።

«ቲቸር፣ ይሄ ‹ይመታል› የሚለው መቺው ነው ወይስ ተመቺው?»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም፤ ጥያቄው ትልቅ ነው። በአማርኛ «ይመታል» ሲላላ የሚመታው እሱ ነው፤ ሲጠብቅ ዱላው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ፊደሉ ግን ለሁለቱም ያው ነው። «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? «ዋና» ወንዝ ውስጥ ነው ወይስ ዋነኛው? እኛ በአፋችን ስለምናውቀው ዓይናችን አይደናቀፍም። በቁቤ ግን የሚጠብቀው ተነባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ የሚረዝመው አናባቢም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ስምንት ዓመት ሙሉ ወረቀቱ ድምፁን ሲነግረው የኖረ ልጅ እዚህ ሲደርስ ወረቀቱ ዝም ይለዋል።

የሚገርመው ታዲያ ይህን የልጁን ጥያቄ ከስንት ዓመት በፊት ጠይቀው መልስ የሞከሩ ሰው አሉ፤ ራሳቸው ሐዲስ ዓለማየሁ! ፊደላችን ይሻሻል ከሚሉት ወገን ነበሩ፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም የሚጠብቁትን ፊደላት አናታቸው ላይ ነጥብ እያደረጉ ለይተዋቸዋል። አብዛኛው አንባቢ ነጥቧን የማተሚያ ቤት ቆሻሻ አድርጎ ነው ያለፋት። ሌላ ደራሲም እምብዛም አልተከተላቸውም። የዲማ ቅኔ ቤት ያሳደጋቸው፣ ኋላም የትምህርት ሚኒስትር የሆኑት ሰው «ይህ ጽሑፍ ቋንቋውን በአፉ ለማያውቅ ሰው ይቸግራል» ብለው አስበውበት ነበር ማለት ነው። የአዳማው ልጅ በ1958 ዓ.ም. ታስቦለት ነበር። ወጋየሁ ንጋቱም ሳያስበው የሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ነጥቦቹን በድምፁ ተካቸው። ለዚህ ነው መምህሯን «ከማስነበብሽ በፊት ትረካውን አሰሚያቸው» ያልኳት። አሰማቻቸው።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሌላ ሆነ። ልጆቹ ቃል መቁጠር ትተው ነገሩ ውስጥ ገቡ። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ባል ሲመርጡ ዘር የሚቆጥሩበት ቦታ ላይ አንዲት ልጅ ተነሥታ «እኛም ቤት ይቆጠራል፤ ግን የሚቆጠረው ዘመድ እንዳታገቢ ነው» አለች። በኦሮሞ ወግ ከገዛ ጎሣ ጋብቻ ነውር ነው። በአማራውም ቤት ሰባት ትውልድ የሚቆጠረው ዝምድና እንዳይፋለስ ነው። ፊታውራሪ ግን ያንኑ ቆጠራ ገልብጠው ሰው ማበላለጫ አደረጉት። ይህን እኔ በዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመኔ እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ ተማሪ አልገጠመኝም። ሌላው ደግሞ የበዛብህን ስለት ከጉዲፈቻ ጋር አነጻጸረው። «በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ቤት አለው፣ አባት አለው፣ ይወርሳል፣ ያገባል። በዛብህ የተሰጠው ለማን ነው?» ክፍሉ ፀጥ አለ።

እዚህ ላይ ከሁለት ወገን የሚመጣ ወቀሳ አለ። አንደኛው «የጎጃም ታሪክ ለኦሮሞ ልጅ ምኑ ነው?» ይላል። ሁለተኛው «አማርኛ አጥርተው ለማያነቡ ልጆች ይህን ትልቅ መጽሐፍ ማባከን ነው» ይላል። ሁለቱም የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚሉት አንድ ነው፤ መጽሐፉ የነሱ አይደለም ነው የሚሉት። እንግሊዝኛ መምህር ፒፕን ለአዳማ ልጅ ሲያስተምር ማን ተነሥቶ «የኬንት ረግረግ ለኛ ምናችን ነው» አለ? በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ሲበተኑ የባሕር ማዶ ታሪክ ይዘው ክፍል የገቡት ማንም ሳይጠይቃቸው ነው። ይልቅስ የጎደለውን ልንገራችሁ። በአማርኛ ተምሮ የመጣው የአዳማ ልጅ የዻባ ወዬሳን «ጎዳኒሳ» ስሙን እንኳ አልሰማም። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ስለ ሰብለ ወንጌል ሊነግረው ሲችል እሱ በጓደኛው ቋንቋ ስለተጻፈ ልብወለድ የሚለው የለውም። መንገዱ በአንድ በኩል ብቻ ሲሆን ወቀሳው ቢመጣ አይፈረድም። መፍትሔው ግን ያለውን መንገድ መዝጋት ነው እንዴ?

የፈተናው ነገርም አለ። በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው አገር ደነገጠ። ድንጋጤው ገባኝ። መፍትሔ ተብሎ በየትምህርት ቤቱ የሚደረገው ግን ጥያቄ ማስሸምደድ ነው። ልብወለድ በአንድ ገጽ ይጠቃለላል፤ ጭብጥ፣ መቼት፣ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ አበቃ። ፎቶ ኮፒ ቤት ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ጥናት ጨርሶ የወጣ ልጅ የበዛብህ መቼት ዲማ መሆኑን ያውቃል፤ በዛብህ ለምን እንደፈራ አያውቅም።

እንዲያው ስታስቡት የፈራው ምንድን ነው? ፊታውራሪን ብቻ አይደለም። እናቱን ነው የፈራው። ታሞ ሲዳን ለእግዜር የተሰጠ ልጅ ነው፤ ሴት ከወደደ የእናቱን ቃል አፈረሰ፣ የእናቱን ቃል ካፈረሰ ሕይወቱን የሰጠውን አምላክ ካደ። ወላጆቹ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ ነበር። ግን ይወዱታል፤ ያሰሩትም በፍቅር ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ልማድን ሲታዘዙ ብቻውን «ይህ ልማድ ከየት መጣ?» የሚለው ጉዱ ካሣ ነው፤ ለዚህም «ጉዱ» ተባለ።

የአዳማው ክፍል ውስጥ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ልጆቹ ያውቁታል። አባትየው ሲኖትራክ እየነዳ ጅቡቲ የሚመላለሰው ልጁ መሐንዲስ እንዲሆን ነው። እናትየው ጉሊት የምትቀመጠው ልጇ ሐኪም እንዲሆን ነው። ሌላዋ 12ኛ ክፍልን እንደጨረሰች ዐረብ አገር እንድትሄድ ገና ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ ተወስኗል፤ ባቱ አበባ እርሻ የሚጠብቃቸውም አሉ። ብፅዓት የሚለውን ቃል አይጠቀሙበትም እንጂ እያንዳንዳቸው የተሳሉባቸው ናቸው።

መምህሯ በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ላይ «የልብወለዱ ጭብጥ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሠርዛ ሌላ አስገባች። «ቦጋለ መብራቱን ወይም ውድነሽ በጣሙን ብትሆኑ ልጁ ሲታመም ምን ትሉ ነበር?» መልሶቹን አስነብባኛለች። አብዛኞቹ «እኔ ብሆን አልሳልም» ብለዋል፤ በዚያ ዕድሜ ሌላ ምን ይባላል? ጥቂቶቹ ጥያቄውን ተቆጥተውበታል። ያ «ይመታል» ላይ የቆመው ልጅ አራት መስመር ነው የጻፈው፤ የአጻጻፍ ግድፈት ሞልቶታል። «እሳላለሁ። ልጄ እንዲሞት አልፈልግም። ግን ሲያድግ ስለቱን እነግረውና ይፍረስ ወይ ይጽና ብዬ እሱን እጠይቀዋለሁ» ይላል። ከሥሩ በኦሮምኛ አንድ መስመር ጨምሮበት ነበር። መምህሯ ኦሮምኛ ትናገራለች፤ ተርጉሚልኝ ስላት «እሱ ለአባቱ ነው የተጻፈው» ብላ ወረቀቱን አጠፈችው።