የዱር ሣሮች መለየትና ምደባ በዙሪክና በጄኔቭ

የዱር ሣሮች መለየትና ምደባ፣ የሣር አስተኔ (ፖኤሲ) ዕፅዋትን በአካል ምልክታቸው ለይቶ፣ በዝምድናቸው አቧድኖና ሰይሞ በአንድ አካባቢ ፍሎራ ማለትም የዕፅዋት መዝገብ ውስጥ የማስፈር ሥራ ነው። አስተኔው በዓለም ከ11,000 በላይ ዝርያዎች ሲኖሩት፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ ሁሉ የእሱ አባላት ናቸው። በስዊዘርላንድ ሥራው ሥር የሰደደው በሁለት ከተሞች ነው፤ ዙሪክ የሣርን አካል አጥርቶ በመግለጽ፣ ጄኔቭ ደግሞ ናሙና በማከማቸትና የስያሜ ሕግ በማውጣት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመለያ ምልክቶች

ሣር ደማቅ አበባ ስለሌለው ከሩቅ አይለይም። ለዪው መጀመሪያ የሚመለከተው ቅጠሉ ከአገዳው የሚነጠልበትን ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ሊጉል የሚባል ስስ ሽፋን ወይም የፀጉር ረድፍ ይገኛል። ቀጥሎ ወደ ዛላው ይሄዳል። ዛላው የተሠራባቸው ንዑስ ዛላዎች ስንት አበባ እንደያዙ፣ ገለባቸው እንደ ገብስ ሹል ጭራ ያለው መሆን አለመሆኑ፣ ፍሬው ሲበስል ምኑ ረግፎ ምኑ እንደሚቀር አንድ በአንድ ይታያል።

በስዊዘርላንድ መስኮች ተቀላቅለው የሚበቅሉት ፖአ ፕራቴንሲስና ፖአ ትሪቪያሊስ ቁመታቸውም ዛላቸውም ይመሳሰላል። የመጀመሪያው ሊጉል አጭርና ደፍጣጣ ሲሆን የሁለተኛው ረጅምና ሹል ነው። ለዓይን የሚታይ ምልክት የማይበቃበትም ጊዜ አለ። የጓሳ ሣር ወገን በሆነው ፌስቱካ ውስጥ ብዙ ዝርያዎችን ለመለየት ቅጠሉን አግድም በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየትና የጠንካራ ጭረቶቹን አቀማመጥ ማጥናት ግድ ይላል። በዚህ ወገን ጥናት የታወቀችው የዙሪኳ ተመራማሪ ኢንገቦርግ ማርክግራፍ-ዳነንበርግ፣ በ1980 በታተመው የፍሎራ ዩሮፔያ 5ኛ ቅጽ የፌስቱካን ክፍል ጽፋለች።

ዙሪክ

የሣር ጥናት ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ እንዲቆም መሠረት ከጣሉት አንዱ የዙሪኩ ሐኪም ዮሐንስ ሾይክጸር (1684–1738) ነው። በ1719 ባሳተመው አግሮስቶግራፊያ ሣሮችንና ሣር መሰል ዕፅዋትን ንዑስ ዛላቸውን ፈልቅቆ እያየ በዝርዝር ገልጿል። የምደባ ሊቁ ሊኒየስ በ1753 የዕፅዋትን ባለሁለት ቃል ስሞች ሲያወጣ ለሣሮቹ ደጋግሞ የጠቀሰው ይህን መጽሐፍ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጥናቱ ወደ እርሻ ተሻገረ። ገበሬው የገዛው የመኖ ዘር የተባለው ዝርያ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ይፈልግ ስለነበር፣ በፍሪድሪክ ሽቴብለር የሚመራ የዘር መመርመሪያ ጣቢያ በዙሪክ ሠራ። ሽቴብለር ከዕፅዋት ሊቁ ካርል ሽሮተር ጋር በመኖ ዕፅዋት ላይ የጻፏቸው ሥራዎች የሣርን መለያ ከእርሻ ጥቅሙ ጋር አጣምረዋል።

አልበርት ቴሉንግ (1881–1928) ደግሞ ከሌላ አገር በሸቀጥና በባቡር የመጡ ዕፅዋትን አጠና፤ ከኦቶ ኔገሊ ጋር የዙሪክን ካንቶን መጤ ዕፅዋት የመዘገበበት ሥራ በ1905 ወጥቷል። ዛሬ በዙሪክ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ስንጥቅና በባቡር ሐዲድ ዳር በብዛት የሚታየው ኤራግሮስቲስ ሚኖር የጤፍ ወገን ነው። ሊጉሉ የፀጉር ረድፍ ሲሆን፣ በቅጠሉ ጠርዝ በአጉሊ መነፅር የሚታዩ ጥቃቅን ዕጢዎች ተደርድረዋል። የጤፍ የቅርብ ዘመድ የሆነው ኤራግሮስቲስ ፒሎሳ እነዚህ ዕጢዎች የሉትም፤ የታችኞቹ የዛላ ቅርንጫፎች በሚነሡበት ቦታ ግን ረጃጅም ነጭ ፀጉር አለው። የከተማዋን ዕፅዋት በሙሉ የያዘው የኤሊያስ ላንዶልት ፍሎራ በ2001 ታትሟል።

ጄኔቭ

የጄኔቭ የዕፅዋት ማዕከል የተጀመረው ኦጉስተን ፒራም ደ ካንዶል በ1817 ባቋቋመው የዕፅዋት መናፈሻ ነው። ከ1904 ጀምሮ በሐይቁ አጠገብ፣ ከፓሌ ዴ ናስዮን ሳይርቅ ይገኛል። ሄርባሪየሙ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ የደረቁ ናሙናዎችን ይዟል።

ደ ካንዶል የጀመረውና ልጁ አልፎንስ ያስቀጠለው 17 ቅጽ ያለው ፕሮድሮሙስ (1824–1873) ሣሮችን አልደረሰባቸውም። ክፍተቱን ለመሙላት በተከፈተው ተከታታይ ውስጥ ኦስትሪያዊው ኤድዋርድ ሃከል የማሽላን ነገድ ያጠናበት ቅጽ በ1889 ወጣ።

አልፎንስ ደ ካንዶል ያረቀቀው የስያሜ ሕግ በ1867 በፓሪስ ጉባኤ ጸደቀ። የሕጉ ዋና ነጥብ ቀድሞ በአግባቡ የታተመ ስም ይጸናል የሚል ነው። የሕጉ አሠራር በጤፍ ላይ ጎልቶ ይታያል፦ ዙካኚ በ1775 ፖአ ጤፍ፣ ጃኲን በ1781 ፖአ አቢሲኒካ ብለው ሰየሙት። ሁለተኛው ስም ለረጅም ጊዜ ቢሠራበትም የቀደመው ረታ፤ ትሮተር በ1918 ወደ ትክክለኛው ወገን አዛውሮት ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ኤራግሮስቲስ ጤፍ ተብሎ ነው።

የዘመኑ ምደባ

የቀደሙት ሊቃውንት ሣሮችን ያቧደኑት በዛላ ቅርጽ ነበር። የዘረመል ጥናት ብዙውን አጽንቶ የቀረውን አርሟል፤ በ2001 የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት አስተኔውን በ12 ንዑስ አስተኔዎች ከፍሏል። በዚህ ምደባ ስንዴ፣ ገብስና አጃ በአንድ ንዑስ አስተኔ ሲቆሙ፣ ጤፍና ዳጉሳ ሙቀትና ደረቅ አየር ከሚችሉት ሣሮች ጋር ተመድበዋል።

ከኢትዮጵያ ፍሎራ ጋር ያለው ግንኙነት

ከ1837 ጀምሮ በኢትዮጵያ የኖረውና በ1878 በዓድዋ ያረፈው ቪልሄልም ሺምፐር የሰበሰባቸው ናሙናዎች ጄኔቭን ጨምሮ በአውሮፓ ሄርባሪየሞች ተሠራጭተዋል። ብዙ የኢትዮጵያ ሣሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጹት በእነዚህ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ ነው። በሲልቪያ ፊሊፕስ ተጽፎ በ1995 የወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ 7ኛ ቅጽ ሣሮቹን አንድ ላይ አቅርቧል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየምም የአገሪቱን ናሙናዎች ይጠብቃል።

በሁለቱ አገሮች መዝገብ የሚገናኙ ሣሮችም አሉ፦ ሰርዶ (ሲኖዶን ዳክቲሎን) እና እንክርዳድ (ሎሊየም ቴሙሌንቱም)። እንክርዳድ ተጣርቶ በሚዘራ ዘር ምክንያት ከስዊዘርላንድ ማሳዎች ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ቀድሞ እዚያ መብቀሉን ዛሬም የሚያረጋግጠው ቀንና ቦታ ተጽፎበት የተቀመጠው የደረቀ ናሙና ነው። ሣርን በስሙ መዝግቦ ናሙናውን ማኖር የአንድን አገር የግጦሽና የእህል ታሪክ ማስረጃ መጠበቅ ስለሆነ፣ የሄርባሪየም ሥራ በዙሪክም በጄኔቭም በአዲስ አበባም እኩል ክብር ይገባዋል።