የኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውዝግብ

የኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውዝግብ በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በኦሮሚያ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት መካከል የተነሣ አለመግባባት ነው። የከተማው አስተዳደር ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ኮዬ ፈጬና በሌሎች ቦታዎች ያስገነባቸውን ኮንዶሚኒየሞች ለቆጣቢዎች በዕጣ ሲያድል፣ የክልሉ መንግሥት ከቤቶቹ የተወሰኑት በኦሮሚያ ወሰን ውስጥ የተሠሩ ናቸው በማለት ርክክቡን ተቃወመ። የፌዴራል መንግሥት ጣልቃ ከገባ በኋላ ጉዳዩ ወደ ወሰን ድርድር ተሸጋገረ፤ ሁለቱ አስተዳደሮችም በ2014 ዓ.ም. የወሰን ስምምነት ተፈራረሙ።

ዳራ

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ የሙከራ ሕንፃዎች ገርጂ አካባቢ ተሠሩ። በ1997 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ምዝገባ ከ450,000 በላይ ነዋሪዎች ተመዘገቡ። በ2005 ዓ.ም. ሁለተኛ ምዝገባ ሲደረግ ፕሮግራሙ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚባሉ ዘርፎች ተከፈለ። በእነዚህ ስያሜዎች የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው አስቀድሞ የሚቆጥበውን የቤቱን ዋጋ በመቶኛ ያመለክታል። ሁለተኛው ከባንክ በብድር የሚሸፈነው ነው። ቤቶቹ ከተመዝጋቢዎቹ ቁጥር እጅግ ስለሚያንሱ ባለ ዕድሉ የሚለየው በዕጣ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከተመዘገቡት መካከል ብዙዎቹ በኪራይ ቤት እየኖሩ ከ10 ዓመት በላይ ተራ ጠብቀዋል።

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሕንፃዎቹ በከተማው ውስጥ ባሉ ክፍት ቦታዎችና በፈረሱ መንደሮች ላይ ይሠሩ ነበር። የፍላጎቱ መጠን ሲጨምር ግን ግንባታው ሰፊ መሬት ወደሚገኝበት ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቂሊንጦ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ በዚህ መንገድ የተስፋፉ ትልልቅ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ናቸው። በእነዚህ አካባቢዎች ቀድሞ ጤፍና ስንዴ ይዘራ ነበር፤ መሬቱን ይዘው የነበሩት አርሶ አደሮችም ካሳ እየተከፈላቸው ተነሥተዋል።

የካሳው ጥያቄ

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በመሆኑም ተነሺው አርሶ አደር የሚከፈለው የመሬቱ ዋጋ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለሚያጣው ምርት ነው። በጊዜው ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለመፈናቀያ ካሳ ያስቀመጠው ስሌት ካለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ ነበር። ያው መሬት ወደ ከተማ ይዞታ ከተዛወረ በኋላ ግን በሊዝ የሚያወጣው ዋጋ ከካሳው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ይህ ልዩነት በአዲስ አበባ ዙሪያ ለተነሡት ቅሬታዎች ዋና ምክንያት ሆኖ ቆይቷል። ኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን አሻሽሎ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አድርጎታል።

የሕግ መነሻ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራስን በራስ የማስተዳደር መብት ይሰጣል፤ የከተማው መስተዳድርም ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት እንዲሆን ይደነግጋል። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ፣ ከተማዋ በኦሮሚያ መካከል በመገኘቷ፣ ክልሉ በአገልግሎት አቅርቦት፣ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና በጋራ አስተዳደራዊ ጉዳዮች ልዩ ጥቅሙ እንደሚጠበቅለት ይገልጻል። ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ቢልም ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀበት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ ሕጉ ሳይወጣ ቀረ። በሰኔ 2009 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቅ አዋጅ አጽድቆ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቢመራም አዋጁ አልወጣም።

ወሰኑን የሚመለከት ግልጽ የመዳኛ መንገድም አልነበረም። አንቀጽ 48 የሚናገረው ስለ ክልሎች የወሰን ክርክር ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በአንቀጽ 47 ከተዘረዘሩት ክልሎች ውስጥ አይደለችም። በዚህ ክፍተት ሕንፃዎቹ አስቀድመው ቆሙ፣ ወሰኑ የት ነው የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ቆየ።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ

ከኮዬ ፈጬ ውዝግብ በፊት ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣው በ2006 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ነው። ዕቅዱ አዲስ አበባንና በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመውን በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን በአንድ የልማት ማዕቀፍ ለማያያዝ ያለመ ነበር። አርሶ አደሮችን ያፈናቅላል፣ የክልሉን ሥልጣን ይሸረሽራል በሚል በአምቦና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ሁለተኛ ዙር ተቃውሞ በክልሉ በስፋት ተዛመተ፤ የጸጥታ ኃይሎች በወሰዱት እርምጃም የብዙ ሰዎች ሕይወት ጠፋ። በጥር 2008 ዓ.ም. የክልሉ ገዥ ፓርቲ ኦሕዴድ ዕቅዱ መሰረዙን አስታወቀ።

የዕጣው መውጣትና የክልሉ ተቃውሞ

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የ51,229 ቤቶችን ዕጣ አወጣ። ከእነዚህ 32,653ቱ የ20/80፣ 18,576ቱ የ40/60 ቤቶች ነበሩ። በማግሥቱ በተለያዩ የኦሮሚያ ከተሞች ሰልፎች ተካሄዱ። በፕሬዚዳንት ለማ መገርሳ ይመራ የነበረው የክልሉ መንግሥትም የወሰኑ ጉዳይ እልባት ሳያገኝ በክልሉ ውስጥ የተሠሩት ቤቶች መተላለፋቸውን እንደማይቀበል በመግለጫ አሳወቀ። በወቅቱ የከተማው ምክትል ከንቲባ የነበሩት ታከለ ኡማና የክልሉ ፕሬዚዳንት የአንድ ፓርቲ፣ የኦሮሞ ዴሞክራቲክ ፓርቲ፣ አባላት ነበሩ። ስለዚህ ክርክሩ በተፎካካሪ ፓርቲዎች መካከል ሳይሆን በሁለት የአስተዳደር አካላት መካከል የተደረገ ነበር።

የክልሉ ወገን መከራከሪያ፣ መሬትን የማስተዳደር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ለክልሎች የተሰጠ በመሆኑ ከተማው ከወሰኑ ውጭ ገንብቶ ማደል አይችልም፣ የተፈናቀሉት አርሶ አደሮችም ቅድሚያ ሊያገኙ ይገባል የሚል ነበር። ቆጣቢዎቹ በበኩላቸው መንግሥት በገባው ውል መሠረት ለዓመታት መቆጠባቸውንና የወሰን ክርክሩ የእነርሱ ጥፋት አለመሆኑን ያነሡ ነበር። በዚያው ሰሞን በጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ የሚመራው የአዲስ አበባ ባለአደራ ምክር ቤት (ባልደራስ) የክልሉን መግለጫ በመቃወም ተቋቋመ። ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ግን ውል ፈርመው ቁልፍ ለመረከብ ተጨማሪ ጊዜ መጠበቅ ነበረባቸው።

የፌዴራል መንግሥት ጣልቃ ገብነት

ተቃውሞው እንደተሰማ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጽሕፈት ቤት የወሰኑን ጉዳይ አጥንቶ የመፍትሔ ሐሳብ የሚያቀርብ 8 አባላት ያሉት ኮሚቴ መቋቋሙን ገለጸ። የኮሚቴው መቋቋም ክርክሩን ከቤት ዕደላ ወደ ወሰን አዞረው። የዕደላው ነገር ግን አላበቃም፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ ፓርቲ (ኢዜማ) በአዲስ አበባ ስላለው የመሬት ወረራና የኮንዶሚኒየም ዕደላ ያካሄደውን ጥናት ይፋ አድርጎ አሠራሩን ነቅፏል።

የወሰን ስምምነት

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከንቲባ አዳነች አቤቤና የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት ሽመልስ አብዲሳ የወሰን ስምምነት ተፈራረሙ። በስምምነቱ አወዛጋቢ የነበሩ ሰፈሮች ለሁለቱ አስተዳደሮች የተከፋፈሉ ሲሆን፣ የኮዬ ፈጬ አብዛኛው ክፍል በኦሮሚያ ሥር ሆነ። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞችን በማዋሐድ ሸገር ከተማ ሲመሠረት ኮዬ ፈጬ ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆኗል። በዚህም የተነሣ በአዲስ አበባ ነዋሪነት ተመዝግበውና ቆጥበው ቤት ያገኙ ሰዎች የቀበሌና የመታወቂያ አገልግሎት የሚያገኙት ከሌላ አስተዳደር ሆነ።

ከሌሎች ከተሞች ጋር ሲነጻጸር

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ጎንደርን ጨምሮ በክልል ከተሞችም ተካሂዷል። ሆኖም እንደ ኮዬ ፈጬ ያለ የሥልጣን ክርክር በጎንደር ሊነሣ የሚችልበት ሁኔታ የለም፤ የጎንደር ከተማ አስተዳደርም ሆነ በዙሪያው ያሉት የገጠር ወረዳዎች ተጠሪነታቸው ለአንድ ክልል፣ ለአማራ ክልል፣ ነውና። ከተማው ወደ እርሻ መሬት ሲሰፋ ሊነሣ የሚችለው ጥያቄ በዋናነት የካሳና የምትክ ቦታ ነው። አዲስ አበባን የሚለያት ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ሆኖ ዙሪያዋ በሙሉ በክልል መሬት የተከበበ መሆኑ ነው።

በሌላው ዓለም የአካባቢ መንግሥታት ትልልቅ የቤት ግንባታን የሚቃወሙት ብዙውን ጊዜ በመሬት አጠቃቀም ደንብ አማካይነት ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከተሞች በዚህ መንገድ ግንባታን ስለሚያግዱ፣ ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ከተሞች ደንባቸውን የሚያሟላ የቤት ፕሮጀክትን ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክሉ የሚገድብ ሕግ አውጥቷል። እዚያ ክርክሩ የሚነሣው ከግንባታው በፊት፣ በፈቃድ ደረጃ ነው። በኮዬ ፈጬ ግን ክርክሩ የፈነዳው ሕንፃዎቹ ቆመው ዕጣ ከወጣ በኋላ በመሆኑ፣ መሬቱን የለቀቁትም ሆኑ ቤቱን የጠበቁት ሰዎች በአንድ ጊዜ የጉዳቱ ተካፋይ ሆነዋል።