የሙያ ትምህርትና የሥራ ቦታ፦ ባሕር ዳርና ሻኪሶ

በሻኪሶ አካባቢ፣ በአዶላ የወርቅ መስክ፣ ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወርቅ በዶማ እየተቆፈረና በገበቴ እየታጠበ ይወጣ ነበር። ሠራተኛው ሙያውን በአብዛኛው የሚቀስመው ከባልደረባው ነበር። የአዲስ አበባው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1942 ቢከፈትም ከመስኩ እጅግ የራቀ ነበር።

በባሕር ዳር ግን ትምህርትና ሥራ ጎን ለጎን ቆሙ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1961 ተከፈተ፤ በ1963 በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተቋቋመ፤ በ1964 የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ኢንስቲትዩቱ ካስተማራቸው ሙያዎች መካከል ጨርቃ ጨርቅ፣ ኤሌክትሪክ፣ ብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ይገኙ ነበር። ተማሪው የሚማረውን በዚያው ከተማ ሲሠራበት ያይ ነበር። ኢንስቲትዩቱ በ2000 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ።

ማዕድን ግን ከትምህርት ክፍሎቹ አንዱ አልነበረም። ሻኪሶ አጠገብ የሚገኘው ለገ ደምቢ በ1990 ገደማ ማምረት ሲጀምር፣ ድንጋዩ በፈንጂ ተሰብሮ፣ በወፍጮ ተፈጭቶ፣ ወርቁ በሳያናይድ የሚለይ ሆነ። ለዚህ የገበቴው ሙያ አይበቃም። በ2018 ነዋሪዎች ስለ ጤንነታቸው ተቃውሞ አሰምተው የማዕድኑ ፈቃድ በታገደ ጊዜ፣ ውሃውንና አፈሩን መርምሮ ውጤቱን ለሕዝቡ በቋንቋው የሚያስረዳ የአካባቢው ተወላጅ ባለሙያ አስፈላጊነት ጎልቶ ታየ።

ከዚህ የተነሣ የማሠልጠኛ ተቋም ታሪክ የሚመዘነው በሕንፃውና በተመራቂው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ የሚያስተምረው ሙያ በዙሪያው ካለው ሥራ ጋር ባለው ግንኙነትም ጭምር ነው።